ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ

እሑድ እሑድ በሬን የምታንኳኳ አንዲት ሴት ነበረች። ዘመዴ አይደለችም፤ ድሮ በአንድ ግቢ የኖርን የጎረቤት ልጅ ናት። ባለቤቴ ከሞተች፣ ጎረቤቶቼም የሰፈሩ ገሚስ ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተኑ በኋላ፣ ቤቴ ገብቶ የሚቀመጥ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ይዛ ትመጣለች። አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ጎመን፣ አንዱ እንጀራ።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሳይበሉ ሊውሉ ነበር» ትለኛለች።

«በልቻለሁ» እላለሁ።

«ምን በሉ?»

«ምግብ።»

ትስቃለች። ያመጣችውን በሰሃን ገልብጬ ምሳ ዕቃውን አጥባለሁ። ዕቃ ባዶውን አይመለስምና፣ ቅዳሜ የገዛሁትን ቆሎ ሞልቼ እሰጣታለሁ። እያፈሰች እየቆረጠመች ነው ከግቢው የምትወጣው።

ይህች ሴት አንድ የማታውቀው ነገር ነበር። እኔ አውቀዋለሁ። የነገርኳት ቀን እሑዴ እንደሚያልቅም አውቅ ነበር። ስለዚህ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ አልነገርኳትም። የምጽፈው ይህንን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ በመሠረተ ትምህርት ነውና ሆሄው ቢዛነፍ አንባቢ ይታገሠኝ። ነገሩ አልተዛነፈም።

ሥራዬ ቁልፍ ነው። አብነት ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ፣ ጓጉንቸር ስጠግን፣ ቁልፍ ስሞርድ፣ ቁልፍ የጠፋበትን በር ስከፍት አረጀሁ። አንድ ደንብ አለኝ። የቤቱ ሰው ራሱ ካልጠራኝ፣ አንድ ጎረቤትም ካልቆመ፣ የማንንም በር አልከፍትም። አንድ አከራይ የተከራዩን በር ክፈትልኝ ብሎ እስከ ሱቄ መጥቶ ነበር።

«ቤቱ የኔ ነው!» አለኝ።

«ውስጥ ያለው አልጋስ የማን ነው?»

«የተከራዩ።»

«እንግዲያው እሱ ይጥራኝ።»

ተሳድቦ ሄደ። ሌላ ሰው ፈልጎ አስከፍቶት ይሆናል፤ እኔ ግን አልከፈትኩም።

ወደ ትምህርት ቤት የወሰደኝም ይኸው ሙያዬ ነው። ሚሊኒየሙ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ ከልደታ በኩል አንዲት መምህርት ወደ ሱቄ መጣች። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ፣ እጇ ላይ ጠመኔ ያልለቀቃት ሴት። «አባባ፣ የሴቶች ልጆች መጸዳጃ ቤት በር አስቸግሮናል» አለች። መሣሪያዬን ይዤ ተከተልኳት።

አራት በሮች ነበሩ። ከውጭ አራቱም የጓጉንቸር ማስገቢያ አላቸው። ከውስጥ አንዱም ምንም የለውም። በአንደኛው በር ደጃፍ አንዲት ትንሽ ልጅ በጀርባዋ በሩን ተደግፋ፣ እግሯን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«ጓደኛዬ ውስጥ ናት።»

«እና?»

«እኔ ደግሞ ስገባ እሷ ትይዝልኛለች» አለች፤ ይህ እንዴት ይጠፋዎታል በሚል ዓይን እያየችኝ።

መምህርቷን ዞሬ «ከውስጥ የማይዘጋ በር፣ በር አይደለም» አልኳት። «ይህንን ያሠራ ሰው የፈራው ለበሩ ነው እንጂ ለሚገቡት አይደለም።»

በዚያው ቀን አራት መቀርቀሪያ አስገባሁ። ጨርሼ ትንሿን ልጅ ጠራኋትና «ግቢና ዝጊው» አልኳት። ገባች። ቆይታ «አባባ፣ አልደርስበትም!» ብላ ጮኸች። ለካ ሁልጊዜ እንደማደርገው በራሴ ደረት ልክ ነው የመታሁት። ይህን ሁሉ ዘመን በር ሠርቼ፣ ልጅ የሚዘጋው በር ሠርቼ አላውቅም። አራቱንም ነቅዬ ዝቅ አደረግኳቸው። ክፍያ አልቀበልም አልኩ። መምህርቷ ልትከራከረኝ ሞከረች፤ ከኔ ጋር ክርክር እንደማይሆንላት ያን ቀን ገባት።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። «ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ ልጆቹን ከሚያስቸግራቸው ሰው ራሳቸውን እንዲጠብቁ እናስተምራቸዋለን» አለች። «ያን ቀን የነገሩኝን ለነሱም ይንገሩልኝ።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«የሚያውቁትን።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሰው ነገር ሲለምነኝ አስቀድሜ የምለው እምቢ ነው። ያን ቀን ግን እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ መምህርቷ አላወቀችም።

የመጀመሪያው ሐሙስ አራተኛ ክፍል ገባሁ። አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ይህንን ያለ ቁልፍ እከፍተዋለሁ» አልኩና በሽቦ ከፈትኩት። ክፍሉ ተናወጠ።

«አባባ፣ ሌባ ነበሩ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አልነበርኩም።»

«የኛን ቤት ይከፍታሉ?»

«እናትህ ካልጠሩኝ አልከፍትም።»

«ባንክስ?»

«ባንክ ጠርቶኝ አያውቅም።»

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። «እስቲ ንገሩኝ፣ ቤት የሚዘርፈው በር የሚሰብር ነው ወይስ ቁልፍ ያለው?» አልኳቸው።

«የሚሰብር!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«አይደለም» አልኩ። «ቤቱ የተዘረፈ ሰው ሲጠራኝ፣ አስቀድሜ የማየው መቆለፊያውን ነው። ብዙውን ጊዜ ጭረት እንኳ የለበትም። የገባው ሰው ቁልፍ የተሰጠው ነው። ሠራተኛ ነው፣ ዘመድ ነው፣ ተከራይ ነው። ከሩቅ መጥቶ በር የሚሰብረው ጥቂት ነው።»

ከዚያ መምህርቷ ተቀበለችኝ። ልጅን የሚነካ፣ የሚያስፈራራ ሰው እንደዚሁ የሚያውቁት ሊሆን እንደሚችል ነገረቻቸው። ከረሜላ የሚገዛ፣ ቤት የሚመጣ፣ እናት አባት የሚያምኑት። «ሰውነታችሁ የናንተ ነው። ማንም ይሁን ማን እምቢ ማለት ትችላላችሁ። ‹ለማንም እንዳትናገር› ያላችሁን ነገር ደግሞ ተናገሩ። የነገራችሁት ሰው ካልሰማ ለሌላ ሰው ተናገሩ፤ እሱም ካልሰማ ለሌላ» አለቻቸው።

እኔም ደስ ብሎኝ ጨመርኩበት። «ጩኹ!» አልኩ። «የጮኸ ልጅ ማንም አይነካውም!»

ልጆቹ ከወጡ በኋላ መምህርቷ በሩን ገርበብ አደረገችና «አባባ፣ ያልጮኸው ልጅስ?» አለችኝ።

«ምን ያልጮኸው?»

«ፈርቶ ድምፁ የጠፋበት። ዛሬ ከነዚህ መሃል ተቀምጦ የሰማዎት አንድ እንደዚያ ያለ ልጅ ቢኖር፣ ምን ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሄደው? ‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልጮኽኩም› ብሎ ነው።»

መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በተክለ ሃይማኖት በኩል ዞሬ በእግሬ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ያልጮኸች አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ እንዳትጮኽ ያደረግናትም እኛው ነን።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ያቺ እሑድ እሑድ የምትመጣው ሴት ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው የሚያድር የእናቷ የሥጋ ዘመድ ነበር። ምን እንዳደረገባት አልጽፈውም፤ እሱ የሷ ነው። እናቷ ደረሰችበት። ጩኸት ሆነ፣ ግቢው ሰማ። በማግስቱ የሰውየው ወገኖች ሽማግሌ ላኩ።

ሽማግሌ ሆነን የተቀመጥነው ሦስት ነን። አንዱ የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ሁለተኛው ከሱቄ አጠገብ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ ነው። ከወሎ የመጣ፣ ሶላቱን የማያዛንፍ፣ ቃሉ ቁጥብ የሆነ ሰው። ሦስተኛው እኔ። ፖሊስ የሚባል ነገር ያነሳ አልነበረም። ልጅቷ ወደፊት ታገባለች፣ ስሟ ይጠፋል፣ ገመና ይሸፈን፣ ተባለ። እናቲቱ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ሰውየው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ገብቶ በራፉ ላይ ተደፋ። እኛም ተነስተን ድንጋዩን ከጫንቃው አወረድንለት። ሰፈሩን ለቅቆ እንዲሄድ ተወሰነ። «ይቅር ለእግዜር» ተባባልን። አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልፈጀብንም።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንኳ በቂ ጥፋት ነበር። አላበቃም። እርቅ ሲወርድ የተጣላ ይሳሳማል፤ ደንብ ነው። «ልጅቷም ትምጣና ጉልበቱን ትሳም፤ ቂም ይዛ እንዳታድግ» አለ አንድ ሰው።

ያልኩት እኔ ነኝ።

እሷ ያን ጊዜ ማድ ቤት ነበረች፤ አልሰማችም። አመጧት። ነጠላ ከራሷ እስከ አፏ አልብሰዋታል። ሰውየው ፊት ደርሳ ቆመች፤ ቆማ ቀረች። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው «ልጅቷን ተዋት እንጂ! እሷን ደግሞ ምን አድርጊ ነው?» አለ። በቤቱ ውስጥ እንደዚያ ድምፁን ከፍ ያደረገው እሱ ብቻ ነው። ዳኛው «እ…» ብለው ቀሩ። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈለግኩ። እጄን ማጅራቷ ላይ አሳረፍኩና ገፋኋት። እንደ አዲስ የጓጉንቸር ሞላ ተቋቋመችኝ። ከዚያ ለቀቀች። ግንባሯ ጉልበቱን ነካ።

ምርቃት ሆነ። ልብስ ሰፊው አሚን አላለም፤ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አጠገብ ላጠገብ ስንሠራ ኖርን፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል አላነሳብኝም። ዝምታው ከስድብ ይብስብኝ ነበር።

ልጅቷ አደገች። እናቷ ሞተች። ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባች። ባለቤቴ በጣም ትወዳት ነበርና፣ ባለቤቴ ስትሞት ለቅሶው ላይ ከዘመድ ይልቅ የሮጠችው እሷ ናት። እሑዱም ከዚያ ወዲያ መጣ።

ልብስ ሰፊው የሞተው ከባለቤቴ በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን «ለቅሶ አብረን እንድረስ?» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ለእሱ ለቅሶ አልደርስም» አለች። ለትልቅ ሰው «እሱ» ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር። «እናቴ ቤት የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። እዚያ ነበሩ። አንገቴን ይዞ የደፋው እሱ ነው። ድምፁን ዛሬም እሰማዋለሁ።»

የሰማችው አንድ የቁጣ ድምፅ ነው፣ ቃሉን አልለየችም፤ የተሰማት አንድ እጅ ነው። ነጠላው ውስጥ ሆና ድምፁንና እጁን የአንድ ሰው አደረገቻቸው። የተሟገተላትን ሰው፣ የደፋት እሱ ነው ብላ ይህን ሁሉ ዓመት ጠላችው።

እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። «እንግዲህ እንደ ልብሽ» ብዬ ብቻዬን ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ከሚስቱ ጋር አለቀስኩ። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥ። በሚቀጥለው እሑድ ምሳ ዕቃዋን ይዛ መጣች፤ በላሁ።

ሐሙሱን አላቋረጥኩም። ዝናብም ቢሆን፣ መንገዱ ለባቡር ተቆፍሮ አቧራና ጭቃ በሆነበት ዘመንም እየተሻገርኩ ሄድኩ። ልጆቹ «አባባ ጓጉንቸር» አሉኝ። መንገድ ላይ ከሩቅ «ጓጉንቸር!» ብለው ይጠሩኛል። መምህርቷ የምለውን አስተካከለችልኝ። «ያልጮኸም ልጅ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የትልቁ ሰው ነው» የሚለውን ሳልናገር ከክፍል አልወጣም። ልጆቹንም ሳሙኝ አላልኳቸውም። የፈለገ ይጨብጠኛል፣ ያልፈለገ በሩቁ እጁን ያወዛውዛል።

ይህ ትምህርት ሰፈር ሲደርስ ነገር ሆነ። አንዲት እናት ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ ሱቄ መጣችብኝ።

«ልጄ አጎቷን አልስምም አለች! እንግዳ ፊት አዋረደችኝ! ያስተማሯት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ይኸው ነው መልስዎ?»

«ትጨብጠው። ካልፈለገች ደግሞ ዝም በያት።»

«በስተርጅና ልጅ ማባለግ!» ብላ ሄደች። ዕድር ላይም ይህችው ቃል ቀደመችኝ። እኔም ግትር ነኝ፣ በሰው ፊት ተነስቼ «የልጅ ነገር ለሆነ ሽምግልና ከእንግዲህ አትጥሩኝ፤ እሱ የፖሊስና የሐኪም ነው» አልኩ። ለልጅ ነገር ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ሳይጠሩኝ ቀሩ። ሰርግ ሽምግልና፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የአጥር ነገር፣ ሁሉም ቀረ። የሰፈር እናቶች «አባባን ሳሟቸው» ብለው የሚልኩልኝ ሕፃናትም ቀሩ። ጉንጬን ልጅ ሳይስመኝ ዓመት አለፈ። ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ያስተማርኩትን ስለሠሩ ግን አልኮነንኳቸውም።

የቀረችኝ እሑድ ናት። ስለዚህ እሑዴን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

አንድ ሐሙስ ስለ ምስጢር ነበር የምናስተምረው። ደግ ምስጢርና ክፉ ምስጢር አለ። ደጉ ለምሳሌ ለእናትህ የልደት ቀን የደበቅከው ስጦታ ነው፤ ሲያስቡት ያስቃል። ክፉው ሲያስቡት ሆድ ያማል፤ ምልክቱ እሱ ነው። ይህንን ስናገር፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ባለ ሹሩባ ልጅ እጇን አወጣች።

«አባባ፣ ትልቅ ሰውስ ክፉ ምስጢር ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«እርስዎንስ ሆድዎን አሞዎት ያውቃል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «ሽሮ ሲበሉ!» አለ አንዱ። «ጓጉንቸር ውጠው!» አለ ሌላው። መምህርቷም ሳቋን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ጠይቃኛለች፤ መልስ ትጠብቃለች።

«ያውቃል» አልኳት።

«ለማን ተናገሩ?»

«ገና ነኝ።»

«ይናገሩ እንጂ» አለች፤ ትምህርቱን እንዳላጠና ልጅ ቆጥራኝ።

ሁሉንም ልጅ «ተናገሩ፣ ሰው ቢቆጣችሁም ተናገሩ፣ የምትወዱት ሰው ቢጠላችሁም ተናገሩ» ስል ዓመታት አልፈዋል። እነሱ ዘጠኝና አሥር ዓመታቸው ነው። እኔ የማጣው አንድ ምሳ ዕቃ ነው። ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ ይህንኑ ሳብሰለስል ሰነበትኩ። ቅዳሜ ቆሎዬን ገዛሁ።

እሑድ መጣች። «ጋሼ፣ ዛሬ ቶሎ ልመለስ ነው፣ ልብስ አስጥቼ ነው የመጣሁት፤ ሰማዩንም አላየሁት» እያለች ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ተቀመጪ።»

«ምነው? አመመዎት እንዴ?»

«ልብስ ሰፊው አይደለም» አልኳት።

«የቱ ልብስ ሰፊ?»

«አንገትሽን የደፋው እሱ አይደለም። እሱማ ተዋት ነው ያለው። የሰማሽው ድምፅ ተዋት የሚለውን ነው።»

ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ታዲያ ማነው?»

ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ፣ ምሳ ዕቃው አጠገብ አኖርኩት። አየችው። ሞረድ የበላውን ጣቴን፣ የማይለቀውን የብረት ጥቁረት ሁሉ አየች።

«ትሳመው ያልኩትም እኔ ነኝ» አልኳት። «በድዬሻለሁ።»

«ዛሬ ለምን ነገሩኝ?»

«መናገር ስላለብኝ።»

«ለእኔ ብለው ነው ለራስዎ?»

እውነቱን ነው የመለስኩላት። «አላውቅም» አልኩ።

አላለቀሰችም። እኔ ታለቅሳለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ያሰበችው ሌላ ነው። «ሚስታቸው» አለች፤ ለልብስ ሰፊው «እሳቸው» ስትል ያን ጊዜ ሰማሁ። «ሚስታቸው መንገድ ላይ ስታገኘኝ ልትስመኝ እጇን ትዘረጋለች። ፊቴን አዞርባታለሁ። ስንት ጊዜ! ሴትየዋ እኮ ምን እንዳደረገችኝ አታውቅም። እርስዎ ያውቁ ነበር።»

ይህንን አስቤው አላውቅም ነበር። የሞተውን ጓደኛዬን እንደበደልኩ አውቃለሁ፤ በሕይወት ያለችውን ሚስቱን ግን ቆጥሬያት አላውቅም። እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ የምትዞር መስሎኝ ነበር። አልዞረችም። «ደህና ይዋሉ» አለች። ጋሼ አላለችኝም። ምሳ ዕቃዋን ረሳችው፤ ወይም ትታው ሄደች። ሽሮው እስኪበርድ ድረስ አላነሳሁትም።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። የምትኖርበትን አውቃለሁ፣ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ልሂድና በሯን ላንኳኳ ብዬ ሁለት ጊዜ ጫማዬን አጥልቄ አውልቄያለሁ። ያልጠራኝ ሰው በር ሄጄ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ በሷ አልጀምርም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የልብስ ሰፊው ሚስት ሱቄ በራፍ ላይ ቆመች። ከሱ ሞት ወዲህ በዚያ በኩል አታልፍም ነበር።

«ያቺ ልጅ እኔ ዘንድ መጣች» አለችኝ። «ሙሉ ቀን ተቀምጣ አለቀሰች። ምን እንደሆነ ሁሉንም ነገረችኝ።»

እኔ የያዝኩትን ቁልፍ መሞረዴን ቀጠልኩ።

«ባሌ እርስዎን ጠልቶ አይደለም የሞተው» አለች። «‹ጓደኛዬ አንድ ቀን ይናገራል› ይል ነበር። ምኑን እንደሚናገሩ ግን አልነገረኝም። ዘገዩ እንጂ!»

«ዘገየሁ» አልኩ።

«አሁን እሑድ እሑድ እኔ ጋ ትመጣለች። ዛሬ የመጣሁት ለሌላ ነው። ምሳ ዕቃዬን አምጪልኝ ብላኝ ነው።»

ተዘግቶ የነበረው ልቤ የሆነውን መጻፍ አልችልበትም። «ነገ ይምጡ፣ ቤት ነው» አልኳት። ማታ ምሳ ዕቃውን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ታጥቦ የነበረ ነው፤ እንደገና አጠብኩት። ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሦስቱንም ድርብ ቆሎ ሞላሁበት። ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ፣ እንዳይፈስ በጨርቅ አስሬ፣ በማግስቱ ለሴትየዋ ሰጠኋት።

ትብላው፣ ትድፋው፣ አልጠየቅኩም። ሴትየዋም አልነገረችኝም።

ባለፈው ሐሙስ አንዱ መቀርቀሪያ ላልቷል ብለውኝ ጠበቅ አደረግኩት። ያቺ ባለ ሹሩባ ልጅ ክፍል ሳልገባ በኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

«አባባ፣ ተናገሩ?»

«ተናገርኩ።»

«ተቆጡዎት?»

«አልተቆጡኝም» አልኳት። «ሄዱ።»

ትንሽ አሰበችና እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳትና ክፍል ገባን።

ሐሙስ ትምህርት ቤት ነኝ። እሑድ ቤቴ ነኝ። ቅዳሜ ከልማድ ቆሎ እገዛለሁ፤ ጥርሴ ግን አይቆረጥመውም።